የሱባራያ የምላስ ፍተሻ

በህንድ አገር፣ በማይሱሩ ከተማ አንድም ግቢ ከሦስት ነገር አይጸዳም፤ ከጋራ ቧንቧ፣ ከጋራ ሐሜት፣ የሰው ምላስ ካልመረመረ ከማይውል ሽማግሌ። ቧንቧው አንዳንዴ ይደርቃል፤ ሐሜቱም ለበዓል ጋብ ይላል። ሽማግሌው ግን እረፍት የሚባል አያውቅም።

በነጊሪጃ ግቢ ይህን ሥልጣን፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የያዙት ክቡር ሱባራያ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ውስጥ ቲኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ተሳፋሪው ቀረ እንጂ ቁጥጥሩ አልቀረም። ጎህ ሳይቀድ ቧንቧው ዘንድ ይቆማሉ። ቆልመም ያለችውን የመዳብ የምላስ መፋቂያ በሁለት እጃቸው ይዘው ከምላስ ሥር ወደ ፊት ይስባሉ። "እእእኽ!" የጊሪጃ መስኮት ደግሞ ከቧንቧው ፊት ለፊት ነው። ከስፌት ፋብሪካ አምሽታ ለምትገባ ሴት፣ እንቅልፍ የሚጣፍጣት በዚያች ሰዓት ነበር።

ከዚያ ፍተሻው ይጀምራል።

"ምላስ!" ይሉታል ባልዲ ይዞ ብቅ ያለውን ሁሉ። "ነጭ! ይሄ ምላስ ነው ወይስ የሻገተ ግድግዳ? ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ ድግስ ላይ አድሯል፤ አንተ ደግሞ ቁርስ ልትጨምርለት?"

"ጥርሴን ቦርሻለሁ እኮ ጋሼ።"

"በረንዳውን ጠርገህ ሳሎኑን ለማን ተውከው?"

አምና የጎረቤት ልጅ ልትታጭ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ልጅቷን ሊያይ መጣ። እሳቸውም ገብተው ተቀመጡ። ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ "መልኩስ ያምራል፤ እስቲ ምላሱን ያውጣ" አሉ። ጋብቻው የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው።

የሰው ምራቅማ አይነሣባቸው። ግቢው ሁሉ ምራቅ የነካውን ነገር ይጸየፋል፤ የሳቸው ግን ልክ የለውም። ውሃ እንኳ ሲጠጡ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ከላይ ያንቆረቁሩታል። ጊሪጃ አንድ ቀን የሳምባር ወጧን ጨው ቀምሳ ማንኪያውን ወደ ድስቱ ስትመልስ በመስኮት አዩአት፤ ወሬው ግቢውን ሲዞር ሰነበተ። ጊሪጃ መከራከሩንም ትታዋለች። በጣም ደክሟታል።

ለፍተሻው እምቢ ብሎ የጸና አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጊሪጃ አማት ሺናፓ። "የኔን ምላስ ሟች ሚስቴ ፈትሻ ጨርሳዋለች" ይሉ ነበር።

ክረምት ሲገባ የሺናፓ ግማሽ አካል አልታዘዝ አለ። አፋቸው ወደ ጎን ተጎተተ፤ መዋጥም አቃታቸው። ሐኪሙ ጊሪጃን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "መድኃኒቱ ብቻ አይበቃም" አላት። "ምላሳቸው ላይ የተጋገረው የጀርም ጎጆ ነው። ትን ባላቸው ቁጥር ከምራቁ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል። አሁን የሳንባ ምች ከያዛቸው አይችሉትም። ጠዋት ማታ አፋቸውን አጽጂላቸው።"

ሺናፓ ግን አፋቸውን አልከፍትም አሉ። የምራታቸው ጣት አፋቸው ውስጥ ሊገባ? ከሞት የባሰ ውርደት ሆነባቸው። ጊሪጃ ለመነች፣ ተቆጣች፤ እሳቸው ጥርሳቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ባሏ ሲሞክር ነከሱት። ውሎ ሲያድር ደረታቸው ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ጊሪጃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሱባራያ ወሬው ደርሷቸው መጡና አጠገቧ ቆሙ።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ደክሞኝ ነው ጋሼ። የእርስዎን ንግግር የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።"

ሱባራያ ቤታቸው ሄደው አዲስ መፋቂያ በፈላ ውሃ አጥበው ተመለሱና በቀጥታ ወደ በሽተኛው ገቡ።

"አንተ ሺናፓ! ክፈት።"

"ሂ... ድ" አሉ ሺናፓ በተኮላተፈ አንደበት።

"አልሄድም። ስንቱን ጉልቤ ቲኬት ያስወጣሁ ሰው ነኝ! የምራትህ እጅ ካሳፈረህ የኔ እጅ አለልህ። ሁለታችንም አርጅተናል፤ ምን የምንተፋፈርበት ቀረን?"

ሺናፓ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አፋቸውም ቀስ እያለ ተከፈተ።

ጊሪጃ በሩ ላይ ቆማ ያየችውን ማመን አቃታት። የሰው ማንኪያ የሚያንገሸግሻቸው ሱባራያ፣ ሁለት ጣታቸውን በሌላ ሰው ጉንጭ ውስጥ ከተው ምላሱን እንደ ሕፃን ገላ ቀስ አድርገው ይፍቃሉ። ለሃጩ በክንዳቸው ይወርዳል። እሳቸው የትከሻቸውን ልብስ አውርደው የሺናፓን አገጭ ይጠርጋሉ። ስለ ባክቴሪያ ድግስም አላነሡም። ጊሪጃ በዚያች ሰዓት እኚህን ሰው ወደደቻቸው።

"ጋሼ፣ ይታጠቡ፤ ውሃ አሙቄያለሁ።"

"ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ይውሰደው።" ሺናፓ በደህና እጃቸው የሱባራያን እርጥብ እጅ ጨብጠው አልለቅ ብለዋል። "ነገም መደረግ አለበት። ግን እኔ የምመጣው በማለዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ እንቅልፍሽ..."

"እንቅልፉ ይቅር ጋሼ" አለች ጊሪጃ። "ብቻ እርስዎ ይምጡልን።"