አክስቴ መተኛት ሲማሩ

በየቤተሰቡ አንድ መቀመጥ የተከለከለ የሚመስል ሰው አለ። ለእኛ ቤት የደረሱን አክስቴ ክብርት ናቸው። ወንበር ሲስቡላቸው ወንበሩን ይወለውሉታል እንጂ አይቀመጡበትም። "ኧረ ቁጭ ይበሉ!" ሲባሉ "መጣሁ፣ መጣሁ!" ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። እኛ የእህትና የወንድም ልጆች እሳቸው በሌሉበት "እትዬ መጣሁ" ነው የምንላቸው።

ሰው ሊጠይቁ ሄደው የሰውን ሳህን አጥበው ይመለሳሉ። ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ ሲጠይቁ፣ አጠገቡ ያለውን የማያውቁትን በሽተኛ ትራስ አራግፈው፣ አንሶላውን ወጥረው ነው የሚወጡት። በእህቴ ሠርግ ፎቶ አንሺው ሲያሳድዳቸው ውሎ ያገኘው ጀርባቸውንና አንድ ትሪ ብርጭቆ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ። የታጠበ መጋረጃ እያወረዱ መልሰው ያጥባሉ። ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ማን እንደሚያቆሽሽባቸው እንጃ። እየከሱ ሄዱ፤ እንቅልፍም አጡ። ሐኪሙ "ሰውነትዎ ማረፍ ይልመድ፤ እስቲ ዮጋ ይሞክሩ" አላቸው። ይዞ የመሄዱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ዮጋው የሚሰጠው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለ አዳራሽ ነው። አሰልጣኟ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ወጣት ናት። "ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው" አለች። "በጀርባ መተኛት፣ መዳፍን ወደ ላይ፣ ዓይንን መጨፈን። ሌላ ምንም አለማድረግ።"

"ለመተኛትም ትምህርት ተጀመረ?" አሉ አክስቴ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ሌላው ሁሉ አላቃታቸውም። በእጅና በጉልበት ተደግፎ ጀርባን ማጉበጥ ላይማ የሚደርስባቸው ጠፋ፤ ዕድሜ ልካቸውን ወለል ሲወለውሉ ኖረው እንዴት ያቅታቸዋል! መተኛቱ ላይ ግን ጀርባቸው ምንጣፉን ገና ሳይነካ ይነሳሉ። "ይቺን ልጅ ብርድ ይመታታል" ብለው መስኮት ይዘጋሉ። በር ላይ የወለቀውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ይደረድራሉ። አሰልጣኟ "እናቴ፣ ይተኙ እንጂ" ስትላቸው፣ "መጣሁ፣ መጣሁ!"

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ተነስቼ በር ድረስ ሄድኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አክስቴ፣ ምናለበት ለአፍታ ቢተኙ?" አልኳቸው።

የሰው ጫማ በእጃቸው እንደያዙ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ሳይ ደነገጥኩ።

"አጎትሽ ያን ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ፣ 'ነይ እስቲ፣ ትንሽ አጠገቤ ሁኚ' አለኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። መጣሁ አልኩት። ደግሞ ጠራኝ። መጣሁ አልኩት። ከዚያ ዝም አለ። እንቅልፍ ወስዶት ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ድስቱንም ፈተግሁት።" ጫማውን አገላብጠው አዩት። "ድስቱ እስከ ማታ ቢቆይ ምን ይሆን ነበር?"

ስንቱን ጊዜ በዚያች ቃል ስቀናል! ጫማውን ተቀብዬ አስቀመጥኩና ምንጣፋቸውን ወደ ምንጣፌ አስጠግቼ ተኛሁ። ተከትለውኝ ገቡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ፤ መጀመሪያ በጎን፣ ቀጥሎ በጀርባ።

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ምንም።"

"እጄንስ?"

ያዝኩላቸው። ሻካራ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወርዶ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረጉትም።

ሰዓቱ አለቀ። ሌሎቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወጡ። አሰልጣኟ አየችንና መብራቱን አጥፍታ በሩን ገርበብ አደረገችልን። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከመሥሪያ ቤት መሆኑን አውቄዋለሁ፤ አለቃዬን ለምኜ ያገኘኋት ፈቃድ አልቃለች።

"ስልክሽ ነው" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ይደርሳል፣ አክስቴ።"