ጋሽ ደምሴና የሞተር መድኃኒቱ

የሰው ነገር ይገርማል። ራሱን ሲያመው «ይተወኛል» ብሎ ይተኛል፤ መኪናው አንዴ ካስነጠሰች ግን መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። እኛ ጋምቤላ ደግሞ በዚህ ሙቀት እንኳን ሞተሩ ባለቤቱም ስለሚፈላ፣ ዘይትና ቤንዚን ላይ የሚጨመር የጠርሙስ መድኃኒት አማኝ አያጣም። የአማኞቹ አለቃ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋሽ ደምሴ ነው። መካኒኩ «የራዲያተር ቱቦህ አርጅቷል፣ ቀይረው» ቢለው፣ ሄዶ ጠርሙስ ገዛ። ሞተሩ ከውስጥ ከቀዘቀዘ ቱቦው ምን ሊሆን ነው አለኝ።

እኔ ደግሞ ለሞተሩ የሚስማማ ዘይት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ነው ከፋብሪካው የሚወጣው ባይ ነኝ፤ የእኛ ድርሻ በጊዜው መቀየር ነው። ይህን በመናገሬ ቆንቋና ተባልኩ።

ታናሽ ወንድሜ አቦቦ ላለች ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ የመጨረሻው ቃል የሚሰጥበት እሑድ ደረሰ። የልጅቷ አባት ቀጠሮ የማያከብር ደጄን አይረግጥም የሚሉ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊትም አንድ ጠያቂ ሽማግሌዎቹ ቢያረፍዱበት በዚያው ቀርቷል። ወንድሜ ከጭንቀት ብዛት እህል አልቀምስ አለ። ታዲያ ሽማግሌዎቹን የጫነው የማን መኪና ይመስላችኋል? ራሱም ሽማግሌ የሆነው የጋሽ ደምሴ! የእኔዋ አሮጊት መኪና መድኃኒት ስለማትወስድ ባዶዋን ከኋላ እንድትከተል ተፈረደባት።

ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቷንና ውሃዋን አየሁ። መጠባበቂያ ውሃ በጀሪካን ላመጣ ወደ ቤት ገባ ብዬ ተመለስኩና ተነሣን።

መንገዱ አጋማሽ ላይ የጋሽ ደምሴ መኪና በእንፋሎት ተሸፈነች። ያ ቱቦ ተተርትሯል! የያዝኩትን ውሃ ብናፈስባት መሬቱን አጠጣችው። በሆዴ እልል አልኩ፤ የወንድሜ ነገር ባያሳስበኝ ኖሮ በአፌም እል ነበር። ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ደምሴም ጭምር፣ ወደ እኔዋ ተዛወሩ። እንደ ድል አድራጊ ጄኔራል ነዳሁ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፤ አቧራውን ላጥብ ብዬ የመስታወቱን ውሃ ብረጭ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ቅባት ወጥቶ መንገዱን ጋረደብኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤቴ አቶ ኡጁሉ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ላም አለ! ቀስ በል! አሁን ሂድ!» እያሉ መሩኝ።

ደረስን፤ ያውም በሰዓታችን! ልጅቷ ተፈቀደች። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ አለቀሰ፤ እኔም ትንሽ ዳዳኝ።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ባሉበት ደረቴን ነፋሁ። ይኸው፣ ያለ አንዲት ጠብታ መድኃኒት! ጋሽ ደምሴ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ለካ ጀሪካን ላመጣ ስገባ አሳዝኜው አንድ ሙሉ ጠርሙስ ገልብጦልኝ ኖሯል። ክው አልኩ። የት ጋ እንደጨመረው ብጠይቀው ኮፈኑን አስከፍቶ ጣቱን ቀሰረ።

የመስታወት ማጠቢያው ውሃ መያዣ ላይ! ሳቄ አቦቦን ናጠው። ሞተሬ አልቀመሰችውም! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ጋሽ ደምሴ ግን ቅንጣት አላፈረም። ወደ ልጅቷ አባት ዞሮ፣ «መስታወት ላይ ተረጭቶ እንዲህ ያበረራት፣ ሞተር ውስጥ ቢገባማ!» አላቸው።

እሳቸውም ለውሃ መሳቢያ ሞተራቸው አንድ ጠርሙስ እንዲልክላቸው አደራ አሉት።