ሰው ቢጎድልስ?

በዚህ አገር ያለ እትዬ አምለሰት የተነሳ ጉዞ የለም። የእናንተዋ ስሟ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ወንድም ሊሆን ይችላል። ማኅበር ወደ ገዳም ሊሄድ ሲመክር፣ መሥሪያ ቤት ለስልጠና ሲወጣ፣ ዘመድ ለሠርግ አውቶቡስ ሲይዝ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ሰው ጫማውን ሲፈልግ አንድ እጅ ይነሳል። «ጥያቄ አይደለም፤ ለማወቅ ያህል ነው» ይላል የእጁ ባለቤት። ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሁሉ ምሳውን እዚያው ይረሳል።

የፍኖተ ሰላሟ የእኛዋ፣ ክብርት እትዬ አምለሰት፣ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ከመስኮት ጀርባ ተቀምጠው «ስም? የአባት ስም? ዕድሜ? ቀበሌ?» ሲሉ ኖሩ። ጡረታው መስኮቱን ወሰደባቸው እንጂ ጥያቄውን አልነካባቸውም። ሽንኩርት ሊገዙ ሄደው ሽንኩርቱ መቼ እንደተነቀለ፣ ማን እንደነቀለው፣ ሲነቀል ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ አጣርተው፣ ሳይገዙ ይመለሳሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፋቸው ነበር። ችግሩ የጠየቁት ነገር መምጣቱ ነው። በደጀኔ ሠርግ ዋዜማ «ለማወቅ ያህል ነው፤ ድንኳኑን ነፋስ ቢወስደውስ?» አሉ፤ በማግስቱ ድንኳኑን ከጎረቤት ጣሪያ ላይ አወረድነው። ባለባጃጁን መልካሙን «ጎማህ መሃል መንገድ ላይ ቢፈነዳስ?» አሉት፤ ገበያው ሳይደርስ ፈነዳ። መልካሙ ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሽማግሌውን አያ ገብረ ኢየሱስን ደግሞ አንድ ቀን ሊጠይቋቸው አፋቸውን ከፍተው፣ ትንሽ አይተዋቸው፣ መልሰው ዘጉት። አያ ገብረ ኢየሱስ ይኸው ሁለት ዓመታቸው፣ ምን ልትለኝ ነበር እያሉ እንቅልፍ የላቸውም።

እንግዲህ ማኅበራችን ለጥር ሥላሴ ጣና ላይ ወዳለው ወደ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን ሊሳለም ተነሳ። ሃያ ሁለት ሰው፣ ሁለት ትንንሽ ጀልባ፣ ሁለት ሌሊት ደሴቱ ላይ ማደር። ኮሚቴ ተመረጠ። እትዬ አምለሰትን የመረጣቸው ሰው የለም፤ ግን ሰብሳቢዋ እሳቸው ሆኑ። ባሕር ዳር ላለው ባለጀልባ ለባዬ ደውለው ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ እትዬ።»

«መጸዳጃ ለሚያስቸኩለው ሰውስ?»

«ይታገሳል።»

«የማይታገስስ? እሺ ይሁን። የመንሳፈፊያው ጃኬት ለሁሉም ይደርሳል? ወፍራም ሰው ይዘጋለታል? የሚያስመልሰው ሰው በየትኛው በኩል ይቀመጥ? ስንቁን ውሃ እንዳይነካው ምን ላይ ይደረግ? ደሴቱ ላይ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል? ጉማሬስ በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«እትዬ፣ እኔ ጉማሬውን አላማከርኩትም» አለ ባዬ። ሳቅን። እሳቸው ግን ደብተራቸው ላይ «ጉማሬ፦ አልተረጋገጠም» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወደ ስም ምዝገባው ዞሩ። በእሳቸው ሕግ ውሃ ላይ ሰው በዓለም ስሙ አይጠራም፤ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። «ስሙ የወጣለት በውሃ ነው፤ ውሃ ላይ የሚያድነውም እሱ ነው» ይላሉ። ይህንን የት እንዳገኙት ቄሶቹም አያውቁም። ሁሉም ተራ በተራ ተናገረና እኔ ጋ ደረሱ።

«የክርስትና ስምሽ፣ ሜላትዬ?»

«የለኝም፣ እትዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ፈረስ ቤት ገጠሩ ውስጥ ነው። እናቴ የሞተችው ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ፍኖተ ሰላም ናት። ልጅ ሆኜ ስጠይቃት «ተጠምቀሻል፤ ስሙን ግን እናትሽ ይዛው ሄደች» ትለኝ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያከብረኝ፣ ደብዳቤ የማረቅቅ ሴት ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ቄሱ «ስመ ክርስትና?» ሲሉ ከሰው ጀርባ እደበቃለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እፈራለሁ። ስሞት ፍትሐቱ ላይ በምን ስም እንደሚፈቱኝ እያሰብኩ እፈራለሁ። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እትዬ አምለሰት ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ማን ነበረች ክርስትና ያነሳችሽ? የትኛው ደብር? በስንት ዓመተ ምሕረት? አጥማቂው ቄስ በሕይወት አሉ?» ብለው አንድ በአንድ ቆፈሩኝ። አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም አልኳቸው። ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸሸኋቸው።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈረስ ቤት ገብስ ልገዛ ነው ብለው ሄዱ። ሦስት ቀን ቆዩ። ገብስ ከገበያችን ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ ቢሮ ውስጥ ሳሾፍባቸው ከረምኩ።

የመነሻችን ቀን ሳይነጋ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን፣ ጸሎት ተደርሶ፣ ሾፌሩ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ እጃቸው ከፍ አለ። «ለማወቅ ያህል ነው። ስንመለስ፣ ውሃው ላይ ሆነን ስንጠራራ፣ ሰው ቢጎድልስ?»

አንድም ሰው አልሳቀም። ቡሬ እስክንደርስ መዝሙር የጀመረ የለም። ከጎኔ የተቀመጠችው መስከረም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ምነው ይህን ባይጠይቁ» አለች ቀስ ብላ።

መሄጃው ደህና ነበር፤ በዓሉም አማረ። እትዬ አምለሰት ደሴቱ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጡ። «ሜላትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ሲሉኝ ሦስቱንም ጊዜ «ኋላ፣ እትዬ» ብዬ አመለጥኩ። ስንመለስም እሳቸው የመጀመሪያዋ ጀልባ ላይ ሲወጡ አይቼ ሮጬ ሁለተኛዋ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ማን የት እንደተቀመጠ አይተው ጽፈው፣ ከእኛ ጋር ለተሳፈረው ለዲያቆን አለበል አንዲት ወረቀት ሰጡት፤ የሁለተኛዋ ጀልባ ስም ዝርዝር። «ሐይቁ መሃል ስትደርሱ ጥራ፤ አንድም እንዳትዘል» ብለውት ሄዱ።

ማለዳ ነው። ውሃው ዝም ብሏል። ብዙም ሳንርቅ ጉሙ ወረደ፤ የፊተኛዋን ጀልባ መጀመሪያ ከዓይናችን፣ ቀጥሎ ከጆሯችን አጠፋት። ከዚያ ሞተራችን አንድ ሁለቴ አንቋርሮ ቆመ። የሚንሳፈፍ እምቦጭ ውስጥ ገብተናል፤ ሥሩ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሟል። ጀልባችንን የሚነዳው ባዬ በቢላዋ መቁረጥ ያዘ። በአራቱም በኩል ያ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሆነ ነገር እየተነፈሰ ይመስል ከፍ ዝቅ ይላል።

ዲያቆን አለበል ወረቀቱን አወጣ። ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው።

«ወልደ ሚካኤል።» «አቤት።» «ወለተ ማርያም።» «አቤት።» እንዲህ እንዲህ እያለ አሥሩ ሰው መለሰ። እኔ ስም ስለሌለኝ ወረቀቱ ላይ አልኖርም ብዬ ጉሙን አያለሁ። አለበል ግን አልጨረሰም።

«ወለተ ሐና።»

አለበል ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየን።

«ወለተ ሐና?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በሕይወቴ ያልሰማሁት ስም ነው፤ ታዲያ አንገቴ ላይ ያለው ጸጉር ለምን እንደቆመ አላውቅም። ከንፈሬ ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር። አክስቴ ውሃ ዳር የማያውቁት ስም ሲጠራ አቤት አይባልም ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተነስቶ ቆሞ ጠራ። ያኔ ከእምቦጩ ወዲያ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሴት የሚመስል ቀጭን ድምፅ «አቤት» አለ።

የባዬ ቢላዋ ውሃ ውስጥ ወደቀ። «ሰምታችኋል?» አለ። መስከረም ክንዴን ጨብጣ ጸሎት ጀመረች። አለበል ሰዉን ቆጠረ፤ አሥር ስም ያለው፣ አንድ እኔ። ወረቀቱን ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ስም። «ሜላት ስም የላትም፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት መሆን ነበረብን» አለ። «ሰው ጥለን መጥተናል። ሴት ናት።»

ባዬ ነፋስ ሳይነሳ ወደ ባሕር ዳር እንሂድ አለ። አለበል የሰው ነፍስ ጥዬ አልሄድም አለ። እኔም ደሴቱ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጀልባ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ታየችኝ፤ ለማላውቃት ሴት እንባዬ መጣ። እንመለስ አልኩ። ባዬ የቀረውን ሥር በእጁ በጣጥሶ ሞተሩን አስነስቶ፣ ፊታችንን ወደ ደሴቱ አዙረን ሳለ ሌላ ሞተር ተሰማ። ጀልባ አይታይም፤ ድምፅ ብቻ መጣ።

«ለማወቅ ያህል ነው፤ ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?»

«እትዬ፣ ሰው ጎደለብን» አለ አለበል።

«ማን?»

«ወለተ ሐና። ሦስት ጊዜ ጠርተናታል።»

ጉሙ ውስጥ ዝም አሉ። እትዬ አምለሰት ዝም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሜላት እዚያ የለችም እንዴ?»

«አለች።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው የጎደለው ማነው?» አሉ።

ጀልባቸው ከጉሙ ወጣች። ከፊት ቆመዋል፤ ጃኬቱ አልዘጋ ብሏቸው በነጠላቸው አስረውታል። እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። «ክርስትና ያነሳችሽ ደስታነሽ ትባላለች፤ ፈረስ ቤት ናት፤ አርጅታለች እንጂ አልረሳችሽም። ሃያ ሦስት ቤት ጠይቄ ነው ያገኘኋት። ከናርጋ ሥላሴ ደጅ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ መጣሁ፤ ኋላ አልሽኝ» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «ወለተ ሐና» ብለው ጠሩኝ።

«አቤት» አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

ወደ እሳቸው ጀልባ አሻገሩኝ። ባሕር ዳር እስክንደርስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቅድም ከእምቦጩ ወዲያ የመለሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ጠየቅኳቸው። «የእናንተን ጀልባ ልንፈልግ ዞረን ነበር፤ ያኔ ግን ገና ሩቅ ነበርን፤ የጠራም የመለሰም ከእኛ የለም» አሉ። ውሃውን ብዙ አዩት። «እሱን አንጠይቅ» አሉ።

ከዚያ ደብተራቸውን ከፍተው እርሳሳቸውን በምላሳቸው አራሱ፤ ካርድ ክፍል መስኮቱ ሥር እንደቆምኩ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስም?»

«ያውቁታል እኮ፣ እትዬ።»

«ጥያቄ አይደለም፤ ከአፍሽ ለመስማት ያህል ነው።»

ነገርኳቸው።