ከሹፌሩ ጋር ያልተጣላው ሰውዬ

እረፍት ሲባል እናንተ ምን ይታያችኋል? እኔ ጫማ ማውለቅ ይታየኛል። ቢቻል ጥላ፣ ቢቻል ጠላ፣ ባይቻል ደግሞ ዝም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ እግር መዘርጋት። አርባ ዓመት ስኖር ከዚህ የተለየ እረፍት አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ዘንድሮ ግን ጉድ ሰማሁ፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ፈረንጅ አገር ሰው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ቆጥቦ፣ አለቃውን ፈቃድ ለምኖ የሚሄደው ወዴት መሰላችሁ? አቀበት ለመውጣት! በብስክሌት! ያውም አንዱ ዳገት እንዳያመልጠው አስጎብኚ ቀጥሮ።

ይህን የነገረኝ ፒተር የሚባል የሰባ ዓመት ሰው ነው። ሰቆጣ ሲመጣ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ አስተርጓሚው ሆኜ ተቀጠርኩ። ትልልቆቹ የአውሮፓ የብስክሌት ውድድሮች ሲካሄዱ እሱና መሰሎቹ በየዓመቱ ከተራራ ተራራ ይከተሏቸዋል። ጠዋት፣ ባለሙያዎቹ ሳይደርሱ፣ ያንኑ ዳገት እያለከለኩ ይወጡታል። ከዚያ መንገድ ዳር ቆመው ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ። እውነተኞቹ ተወዳዳሪዎች ሽው ብለው ያልፋሉ፤ እነ ፒተርም አጨብጭበው ወደ ሆቴላቸው ይገባሉ።

«በቃ?» አልኩት።

«በቃ» አለኝ፣ ፊቱ በደስታ ፈክቶ።

ከሁሉ ያስደነገጠችኝ ግን መኪናዋ ናት። የደከመውን የምታነሳ መኪና ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች አለኝ። የደከመ ከሌለ ባዶዋን ታዘግማለች። ባዶዋን! ሰሃላ ዘመድ ለመጠየቅ መኪና አጥተን ቀኑን ሙሉ በእግራችን የምንፈጅ ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንበል?

አምና ታዲያ ያቺ መኪና ፒተርን አንድ ትልቅ አቀበት ላይ፣ ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ አነሳችው። ውርደቱ አልወጣለትም። ጉልበቱም እየከዳው ነው፤ ሐኪሙ ከዘንድሮ በኋላ ዳገት የሚባል እንዳያስብ ነግሮታል። ስለዚህ አንድ ረጅም አቀበት፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ ከግርጌ እስከ አናት ሊወጣ ለራሱ ቃል ገብቶ እኛ አገር ዋግ ድረስ መጣ። ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለዳገት የሚያለቅስ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ አንድ ደህና አቀበት መረጥንለት። ፒተር ከፊት፣ ሹፌራችን ሲሳይ መኪናዋን ይዞ ከኋላ፣ እኔ ጋቢና። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከለቅሶ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አራት ሽማግሌዎች ቆመው ያዩናል። ነጭ ፀጉሩ በላብ የራሰ አዛውንት ዳገቱ ላይ ይንፈራገጣል፤ አንድ ደልዳላ ጎረምሳ የኋላ ወንበሩ ባዶ የሆነ መኪና ይዞ ከኋላ ከኋላው ይነዳዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እነሱም ያንኑ አሉ። ተጣልተዋል!

አራቱም መንገዱ መሃል ገቡና ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። አደግድጎ የቆመ ሽማግሌ ማን ጥሶ ያልፋል? ፒተር ፍሬን ያዘ። እግሩ መሬት ነካ። ፊቱን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ከአራቱ ታላቅ የሆኑት፣ የማውቃቸው አያ ገብሬ፣ ወደ ፒተር ቀረብ አሉ። «በእግዜር ይዤዎታለሁ» አሉት። «ልጅ ነው፣ ይማሩት። ምን ቢበድልዎ ነው ከመኪናው ወርደው እንዲህ የሚንገላቱት?»

ዘልዬ ወረድኩ። «ኧረ አያ ገብሬ፣ አልተጣሉም! ወዶ ነው። እንዲያውም ከፍሎ ነው።»

«ከፍሎ?» አያ ገብሬ ክው አሉ። ከሦስቱ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ጥቂት ተነጋገሩና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተም ለሹፌሩ ወገንክ?»

ይህን ጊዜ ሲሳይ ሳቀ። ምነው ባልሳቀ! በድሎ የሚስቅ ጎረምሳ ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ጨርሰው አመረሩ። ድንጋይ ተመረጠ። ሲሳይም ባልሠራው ጥፋት ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ፒተር እግር ላይ ተደፋ።

«ምን እያደረጋችሁት ነው?» እያለ ፒተር ይጮኻል።

«ይቅር ካላልከው አይነሳም» አልኩት።

«ይቅር ብዬዋለሁ! ይቅር ብዬዋለሁ!»

አያ ገብሬ መረቁ። ብስክሌቱ መኪናዋ ላይ ተጫነ። የታረቀ ሰው ለየብቻ አይሄድምና ፒተር ሲሳይ አጠገብ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ እኔና ሽማግሌዎቹ ከኋላ ገባን። ፒተር አናቱ ላይ የደረሰው እንደ አምናው በመኪና ነው። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ዳገቱን ሲያይ ነበር። አንጀቴን በላው።

ከመኪናዋ ስንወርድ አያ ገብሬን ለብቻቸው ያዝኳቸው። ውድድሩን፣ አስጎብኚውን፣ አውሮፓን ሁሉ ተውኩትና «ስለት ነበረበት» አልኳቸው። መጀመሪያውኑ እንዲህ ማለት ሲገባኝ! እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የሰው ስለት አሰናከልን? ነገ ይድገመው እንጂ! መኪናዋ ግን ባዶዋን አትከተለውም። ነውር ነው።»

በማግስቱ የአምደወርቅ ገበያ ነበር፤ መኪናዋ ባዶነቷን ክፉኛ ካሰች። አራቱ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ የማሽላ ጆንያ፣ ሁለት ፍየሎች። ፒተር ከፊት ይለፋል፤ ከኋላው «አይዞህ! በርታ!» እና እልልታ ይቀልጣል። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ለሌላ ሰው ያጨበጨበ ሰው፣ ለእሱ ሲጨበጨብለት ሰማ። ጀርባው ሲቃና አየሁት።

አንድ ጠመዝማዛ ሲቀረው መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ጎማዋ እየዞረ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። «ድንጋይ! ድንጋይ!» ተባለ፤ ሰው ዘሎ ወርዶ ለጎማው ድንጋይ አደረገ፤ የቻለ ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ መግፋት ጀመረ። ፒተር ጩኸቱን ሰምቶ ዞረ። አናቱ ከፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ቀጥል!» ብዬ ጮኽኩ። «ደርሰሃል፣ ቀጥል!»

እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። ማንም አልለመነውም፤ ማንም አላደገደገለትም። ብስክሌቱን መንገድ ዳር አጋደመና ያንን ታማሚ ጉልበቱን እየጎተተ ቁልቁል መጥቶ፣ ከአያ ገብሬ ጎን ትከሻውን መኪናዋ ላይ ጣለ። እኔ ገና ዳር ቆሜ ነበር።

አያ ገብሬ በአቧራ ውስጥ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መሪውን የያዘውን ሲሳይን አዩ። ከዚያ እኔን።

«አየህ መምህር» አሉኝ እያለከለኩ፣ «አሁን ገና ታረቁ።»

«አልተጣሉም እኮ» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔም መግፋት ጀመርኩ።