የመስኮቱ ሽማግሌዎች

የዓለም ሕዝቦች የሚፈሩትን የሚመርጡት እንደየአቅማቸው ነው። አንዱ የምድር መንቀጥቀጥ ይፈራል፣ አንዱ ጎርፍ፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱን። እኛ ግን፣ ምስጋና ለአስተዋይነታችን ይሁንና፣ ከዚህ ሁሉ ይልቅ በመስኮት ስንጥቅ የሚገባ ነፋስን መፍራት እንደሚበጅ ገና ድሮ የተረዳን ሰዎች ነን። አውቶቡስ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን፣ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተቀበለ ስንሄድ ምንም አይመስለንም፤ አንድ ያልታደለ ሰው መስኮት ከፈት ካደረገ ግን በሌላ ነገር ተስማምተን የማናውቀው ሁሉ በአንድ ድምፅ ዝጋው እንላለን። ኤክስፐርቱ ወደ ሰው አገር ሲሄድ ይህን ቅርስ ሳያጎድል ይዞት ሄደ።

ኤክስፐርቱ የተባለው በአገሩ ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ኤክስፐርት ስለነበረ ነው። የምን ኤክስፐርት እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ እሱም ሲጠየቅ "በአጠቃላይ" ብሎ ያልፈዋል። በሰው አገር የተሰጠው ሥራ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ነው። ሆኖም ማዕረግ ባሕር ቢሻገሩም አይለቅም፤ ያገሩ ልጆች ኤክስፐርቱ ይሉታል፣ እሱም ካርቶኑን አቅፎ አቤት ይላል።

ይህ ሰው ከብዙ መንከራተት በኋላ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየ። በዚያ አገር ለመጤ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስልክ ሲደውሉ ቤቱ አለ፣ ስም ሲናገሩ ቤቱ ተይዟል። አንዲት ምድር ቤት የምትኖር አሮጊት የሕንጻ ባለቤት ግን ምን እንደታያት እንጃ፣ ቁልፉን ሰጠችው። ለኤክስፐርቱ ያ ቤት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አልነበረም። የአገሩ ሕግ ሚስቱና ልጁ እንዲመጡለት የሚፈቅደው በስሙ የተከራየው ቤት ካለው ብቻ ነው። ቤቱ ካለ ይመጣሉ፣ ቤቱ ከሌለ ይቀራሉ። ሲለያዩ ጥርስ ያላበቀለችው ልጁ አሁን የወተት ጥርሷን መንቀል ጀምራለች፤ አባቷንም የምታውቀው ስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው አድርጋ ነው።

እንግዲህ የብርዱ ወራት ሲቃረብ ኤክስፐርቱ የመከላከል ሥራውን በዕቅድ ጀመረ። ከመጋዘኑ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አምጥቶ መስኮቶቹን ዙሪያቸውን ለጠፈ፤ በፕላስተሩ ላይ ሌላ ፕላስተር ደረበ፤ የበሩን ሥር ባሮጌ ሱሪ ወተፈ። ከዚያ ወዲያ ማብሰሉም ውስጥ፣ ማጠቡም ውስጥ፣ ማስጣቱም ውስጥ ሆነ። እንፋሎቱ መውጫ ቢያጣ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። ግድግዳው መጀመሪያ አላበው፣ ቀጥሎ ጠየመ፣ በመጨረሻ ከአልጋው ራስጌ ጥቁር ሻጋታ እንደ ጢም በቀለበት። ኤክስፐርቱንም ሳል ያዘው። የሳሉን መንስኤ በጥልቀት ካጠና በኋላ የሆነ ቦታ ያልተደፈነ ቀዳዳ ቀርቷል ብሎ ደመደመና ፕላስተር ጨመረ።

አንድ ቀን አከራይዋ ውሃ ቆጣሪ ልታይ ገባች። ቆጣሪውን ትታ ግድግዳውን አየች። በጣቷ ነካችው፣ ጣቷን አሸተተች፣ ወርዳ ከሕንጻው ሥር ፀጉር ቤት ያላትን ያገራችንን ልጅ አስጠራች። ፀጉር ሠሪዋም ማበጠሪያዋን እንደያዘች መጥታ ተረጎመች። ነገሩ አጭር ነበር። ጠዋትና ማታ፣ አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ መስኮቱ ይከፈት። ግድግዳው በሳሙና ይታጠብ። ይህ ካልተደረገ ብርዱ ሲያልፍ ቤቱ ይለቀቅ።

ኤክስፐርቱ ያን ዕለት ለሚስቱ ደውሎ ሴትዮዋ ሞቴን ትፈልጋለች አላት። ሚስቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ አዳመጠችው።

"ታዲያ ክፈተዋ" አለችው።

"ምኑን?"

"መስኮቱን ነዋ።"

"አንቺ የሰው አገር ብርድ አታውቂም።"

"እነሱስ ይከፍቱ የለ?"

"እነሱ ለምደውታል" አለ፤ ሲያስልም ቆየ። እሷም አጠገቧ የሚያደምጥ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቱ አዲሱን ጫማዋን ለጉዞው ነው ብላ አላደርግም እንዳለች ነገረችው።

መቼም አንድ አዋቂ ሰው ሚስቱ በአንድ ቃል የጨረሰችውን ነገር እንዲያው ዝም ብሎ አይቀበልም። ኤክስፐርቱ ጉዳዩን ወደሚመለከተው አካል፣ ማለትም ወደ ያገር ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር ወሰደው። ሊቀመንበሩ በዚያ ከተማ ከሁሉ በፊት የደረሱ ሰው ናቸው፤ ምክር ያልሰጡት መጤ የለም፤ መንጃ ፈቃድ ላጣ፣ ከአለቃው ለተጣላ፣ ጥርሱን ለታመመ ሁሉ ይመክራሉ። እሳቸው ራሳቸው የሚኖሩት በእኅታቸው ልጅ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ለጊዜው ነው ይላሉ፤ ጊዜውን ግን ከሶፋው በቀር የሚያስታውስ የለም።

ሊቀመንበሩ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ችግሩ የመስኮት ሳይሆን የመግባባት ችግር መሆኑን አረጋገጡ። ነፋስን በሚመለከት የማኅበሩ አቋም የማያሻማ እንደሆነም አስታወሱ፤ የገዛ አጎታቸውን የቀበሩት በአውቶቡስ መስኮት ምክንያት ነውና። ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል። አንድ መቶ ዓመት ቂም የያዘ ሰው እንኳ ሽማግሌ ሲያይ ይለዝባል፤ አንዲት አሮጊት ምን ቁም ነገር ናት? ኤክስፐርቱ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። በሰው አገርም ወገን አለኝ አለ።

የሽምግልናው ዝግጅት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ስብሰባ ተጠራ፣ አቅጣጫ ተቀመጠ፣ ባለድርሻ አካላት ተለዩ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር ክርክር ተነሣ። ሴትዮዋ በማን በኩል እንደምትለመን፣ የምታከብረው ዘመድ ይኖራት እንደሆነ ተጠና፤ ወንድም ነበራት፣ ሞቷል ተባለ፤ ታላቅ ዕድል አመለጠ ተብሎ ታዘነ። ለአስተርጓሚነት የተጠራችው ፀጉር ሠሪ እጇን አወጣችና፣ ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ እኔ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ወጣ ብዬ መስኮቱን ብከፍትለትስ አለች። ሊቀመንበሩ እንደ አባት ፈገግ ብለው፣ ልጄ፣ ዋናውን ጉዳይ በጥቃቅን አናሳንሰው አሏት። በሁለተኛ ሽማግሌነት የተመረጡት ጡረተኛው፣ ቤት ውስጥም ሁለት ኮፍያ ደርበው የሚውሉ ሰው፣ መስኮት የሚለው ቃል በመጠራቱ ብቻ ኮታቸውን ቆለፉ።

ቀኑ ደረሰ። ሊቀመንበሩና ጡረተኛው ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ኤክስፐርቱ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ ፀጉር ሠሪዋ ከዳር ሆና ያከራይዋ በር ላይ ተሰለፉ። አሮጊቷ በሩን ከፍታ አየቻቸው፤ ግቡ አለች፤ ገቡ። ተቀመጡ አለች፤ አልተቀመጡም። እንደ ወጉ፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም ብለው አንገታቸውን አቀርቅረው ቆሙ። አሮጊቷ ጥቁሩን ሱፍ አየች፣ ያቀረቀረውን አንገት አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ማን ነው የሞተው እያለች ነው" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"ማንም አልሞተም በያት። የታመመው በሁለት ልቦች መካከል ያለው መተማመን ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ መሆኑን ከጥንት አባቶቻችን ጀምሮ..." ሊቀመንበሩ ቀጠሉ፤ ሻይ ቢፈላ፣ ቢጠጣ፣ ብርጭቆው ቢታጠብ ይደርስ ነበር። ሲጨርሱ ፀጉር ሠሪዋ ወደ አሮጊቷ ዞራ፣ ማንም አልሞተም አለቻት።

አሮጊቷም ተጽናንታ፣ እንግዲያው ግድግዳውን እንየው ብላ ደረጃውን መራቻቸው።

ቤቱ እንደገቡ ሽታው ተቀበላቸው። ጡረተኛው ሽታው ነፋስ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እፎይ አሉ። አሮጊቷ ግን ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ፕላስተሩን በጥፍሯ ይዛ ከዳር እስከ ዳር ሸረከተችው፣ ወለል አድርጋም ከፈተችው። ብርዱ ገባ። ጡረተኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ኤክስፐርቱ ራሱ ሲያስበው እስከ ዛሬ እጁን መቁረጥ ያምረዋል። ዕድሜ ልክ የተማረ እጅ ባለቤቱን አያስፈቅድምና፣ ለሽምግልና በተቆመበት፣ በአሮጊቷ ዓይን ፊት፣ ሁለት እርምጃ ተራምዶ መስኮቱን ዘጋው።

አሮጊቷ ኤክስፐርቱን ማየት አቁማ ወደ ቤቷ ልትመለስ ኪሷ ውስጥ ቁልፏን ትፈልግ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ሊቀመንበሩ ታሪክ የሠሩት። ዘገም ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እጀታውን ያዙ፣ ከፈቱት። ራሳቸውን እስከ ትከሻቸው ወደ ውጭ አወጡ፣ አጎታቸውን የገደለውን ነፋስ በአፍንጫቸው ሙሉ ሳቡት፣ ዞረውም በዚያ አገር ቋንቋ ጥሩ፣ ጥሩ አሏት። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ሻጋታውን ጠርዝ ጠርዙን ጠረጉ። አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። ኤክስፐርቱም፣ ምን ያሉ ብልህ ሰው ናቸው፣ ለእኔ ሲሉ ነፋስ እስከመጠጣት ደረሱ ብሎ ልቡ ተነካ። ሊቀመንበሩ ሌሎቹን አሰናብተው ነገሩን ለማሳረግ ከአሮጊቷ ጋር ሻይ ሊጠጡ ቀሩ። በዚያ አገር ቋንቋ እሺን፣ ጥሩንና አመሰግናለሁን ብቻ ያውቃሉ፤ አንድ ተከራይም ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀመንበሩ ሪፖርት አቀረቡ። ሽምግልናው ባመዛኙ መሳካቱን አበሠሩ። አከራይዋ ለማኅበረሰባችን ያላት አመለካከት መለወጡን፣ በባህል ልውውጥ ረገድ በር፣ ይቅርታ መስኮት መከፈቱን ዘረዘሩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ያ ቤት ወደ ባዕድ እጅ ሊገባ ሲል ደርሰን ከማኅበረሰባችን እጅ እንዳይወጣ አድርገናል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ኤክስፐርቱ ከኋላ ተነሣ። "ጋሼ፣ በማኅበረሰቡ እጅ ሲሉ በማን እጅ ነው?"

"በእኔ፤ በስሜ ተከራይቼዋለሁ። አደራ ነው እንግዲህ። አንተ በወሩ መጨረሻ ትለቅላታለህ።"

ኤክስፐርቱ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ማልቀስም፣ መሳደብም፣ ያን ሱፍ ይዞ መጎተትም ተመኘ። ነገር ግን ሰዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረው ፈገግ ብለው እያጨበጨቡ ነበር፤ እነዚህ ሁሉ ለሱ የደከሙ፣ ከሥራ የቀሩ፣ ሱፍ ያስተኮሱ ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ ክፉ ነው። እጅ ነሥቶ አመሰገነና አብሯቸው አጨበጨበ።

ከዚያ ኮሪደር ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ። ሽማግሌዎቹ እንዴት ሆኑልህ አለችው፤ ተሳካላቸው አላት። ቤቱስ ስትለው ቤቱ በወገን እጅ ነው አለ።

"ወገን ማለት ማን ነው?"

እሱ አሳለ። ከጀርባዋ ልጅቱ ስልኩን ስጪኝ እያለች ትጨቀጭቃለች።

"እሺ፣ ለልጅቱ ምን ልበላት?" አለችው ሚስቱ። ሌላ ቤት እየፈለግሁ ነው በያት አለና ዘጋው።

ወደ አዳራሹ ሲመለስ ቀጣዩ አጀንዳ ተጀምሯል። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቆሞ ምሬቱን ያሰማል። ብስክሌቱን ደረጃ ላይ ያቆማል፣ አከራዩ ደግሞ ብስክሌቱን ካላነሣህ ቤቴን ልቀቅ ብሎታል። ጓሮ ማቆሚያ አለ፤ ጋጋሪው ግን ጓሮ ብስክሌቱን ዝናብ ይመታዋል ብሎ ይሠጋል። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ችግሩ የብስክሌት ሳይሆን የመግባባት ችግር መሆኑን አረጋገጡ። ሽማግሌ ይላካል። ለዚህም፣ ከልምድ አንጻር፣ ከኤክስፐርቱ የተሻለ ሰው እንደሌለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ኤክስፐርቱ ወደ ፊት ወጣ። ከዳቦ ጋጋሪው አጠገብ ተቀመጠና እንደ ታላቅ ወንድም እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት፤ አይዞህ፣ ወገን እያለህ አትቸገርም አለው። ጋጋሪው ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ለመሆኑ ቤቱ" አለው ኤክስፐርቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስንት ክፍል ነው?"