የእትዬ አስካለ ጋንና የእኔ ኩላሊት

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ኋላ ራሳችሁ ከምትደርሱበት አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል። ሲያስለኝ ሳንባዬ ነው፣ ጎኔን ሲወጋኝ ኩላሊቴ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ነጻነቱ ከታወጀ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ አሰብ ነበርኩ። ሥራዬ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ማሞቂያዎች የሚጠጡትን ውሃ መመርመር ነው። ውሃው ኖራ ከበዛበት ቱቦው ውስጥ እየተጋገረ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጠዋት ማታ እየለካሁ፣ ኖራውን እያስወገድኩ ነበር የማጠጣው። ለብረት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይታችሁ አታውቁም።

አንድ ቀን ጎኔን ወጋኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና፣ የጠጠር ምልክት ሳይሆን አይቀርም፣ ውሃ በደንብ ጠጣ አለኝ። አሰብን ያየ ያውቀዋል፤ ሰው በላብ ታጥቦ ነው የሚውለው፤ ውሃማ መች ጠልቼ። የጨነቀኝ ጠጠሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። የምበላውን አሰብኩ፣ የምጠጣውን አሰብኩ። በመጨረሻ ጥርጣሬዬ የእትዬ አስካለ ጋን ላይ አረፈ።

እትዬ አስካለ ጠጅ ቤት ያላቸው የወሎ ሴት ናቸው። አሰብ አሸዋ እንጂ ለጋን የሚሆን አፈር ስለሌለው፣ ሦስቱን ጋኖቻቸውን በጭድ አስጠቅልለው በከባድ መኪና ከደሴ ነው ያስመጡት። ማሩና ጌሾውም በሾፌር እጅ ነው የሚደርሳቸው። የወደቡ ሠራተኛ፣ ሾፌሩ፣ የጉምሩኩ ጸሐፊ ከሥራ ሲወጣ መሄጃው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔም ደንበኛ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብርሌው ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ሐሳብ ይይዘኝ ጀመር። ጠጅ ይጎመዝዛል። ጎምዛዛ ነገር ሸክላ ይበላል። የተበላው ሸክላ፣ ብረቱም ኖራውም፣ የት ገባ? እኔ ሆድ ውስጥ ነዋ።

ይህን በሆዴ ብይዘው ምን ነበረበት? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አጠገቤ ለተቀመጠ ሾፌር ሹክ አልኩት። እሱ ለጓደኛው ሲያደርሰው፣ ጋኑ ውስጥ ብረት አለ ሆነ። ወደቡ ሲደርስ፣ የአስካለ ጠጅ ኩላሊት ይገድላል ብሎ አንድ መሐንዲስ አረጋግጧል ሆነ። እኔ መሐንዲስ እንኳ አይደለሁም። በሳምንቱ የጠጅ ቤቱ አግዳሚ ባዶውን ቀረ።

እትዬ አስካለ አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ልጆቼን የማሳድረው በዚህ ጋን ነው» አሉኝ። «መርምረውና ጉዳት አለው ካልከኝ እተወዋለሁ። ከሌለው ግን በዚያው በተናገርክበት አፍህ መልስልኝ።»

ሐፍረት ውጦኝ፣ አንድ ጠርሙስ ጠጅ ይዤ ወጣሁ። ጉዳት ቢኖረው ኩላሊቴ አለቀለት፣ ባይኖረው የሰው እንጀራ ዘግቻለሁ፤ ከሁለቱ በየትኛው እንደምጽናና አላውቅም ነበር።

ጠጅ መመርመር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ ውሃ የሚለካው በቀለም ነው፤ መድኃኒቱን ጠብ ጠብ ስታደርጉበት ቀዩ ወደ ሰማያዊ ሲዞር ታቆማላችሁ፤ ጠብታው በበዛ ቁጥር ኖራው በዝቷል ማለት ነው። ጠጁ ደግሞ የራሱ ቀለም አለው። ስለዚህ እሳት ላይ ጥጄ አመድ እስኪሆን አቃጠልኩትና አመዱን አሟሟሁት። የማሩ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አለቃዬ በሩን ከፍቶ አሸተተና፣ ሥራ ላይ ነህ ወይስ ሰርግ ላይ አለኝ። እውነቱን ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለካ እሱም ደንበኛ ኖሯል።

ውጤቱ መጣ። ኖራም አለ፣ ብረትም ትንሽ አለ። አለቀልኝ አልኩ። አለቃዬ ግን፣ ከምን ጋር አወዳድረኸው ነው ያለቀልህ አለኝ። ለማወዳደሪያ አጠገባችን ያለው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ሐኪሙ ካዘዘልኝ ወዲህ በጆግ የምጋተው። ለካሁት። ጠብታው ቢወርድ ቢወርድ ቀለሙ አልዞር አለ። ኖራው ከጠጁ እጥፍ አለፈ። ማሞቂያው እንዳይቀምሰው ዘብ የምቆምበትን ውሃ፣ እኔ በመድኃኒትነት ስጠጣው ከርሜአለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩና ጠጅ ቤቱ መሐል ቆሜ አነበብኩት። ወሬው ወደቡን ዞሮ ሲመለስ፣ ውሃ ይገድላል ጠጅ ያድናል ሆኖ መጣ። አግዳሚው ሞላ፤ ቆመው የሚጠጡም ነበሩ። በማግሥቱ ሚስቶቻቸው እኔ ደጅ መጥተው ያሉኝን ተዉት።

እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ከጠጅ ቤቱ ጎን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑሩ የሚባሉ አዛውንት አሉ። ጠጅ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። እኚህ ሰው ያንን ውሃ ስንት ዓመት ጠጥተውት ይሆን? እየፈራሁ ገባሁና፣ ሐጂ፣ ኩላሊትዎ እንዴት ነው አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ምን ሆነ ተባለ?»

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁ።

«አስካለ ለጠጇ የምታፈላውን ውሃ ታሳድረዋለች» አሉኝ። «ነጩ ዝቃጭ ታች ሲቀር ከላይ የጠራውን ትቀዳለች። ከዚያው አንድ ጀሪካን ለእኔ ትልካለች፤ ስንት ዘመናችን። አንተስ፣ ቤትህ አታፈላም እንዴ?»

አላፈላም። እንግዲህ እኔ ከማውቀው የአሰብ ሰው ሁሉ ደህና ውሃ ሲጠጡ የኖሩት ጠጅ ጣይዋና ጠጅ የማይቀምሱት ሐጂ ናቸው። ሁለቱም የምርመራ ክፍል ረግጠው አያውቁም። የውሃ ባለሙያው እኔ ነኝ።