ምቀኛ ያላጣው ኮድ

ባጃጅ ስትሳፈሩ ከኋላው የተጻፈውን ሳታነቡ ትገባላችሁ? እኔስ አልችልም። የባሕር ዳር ሰው አያነብም የሚል ካለ አላወቀንም። የባጃጅ ጀርባ ስናነብ አይደል እንዴ የምንውለው?

ይህን የምለው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለሆንሁ ነው። ጣና በመስኮቱ የሚታይ ሰፊ የንባብ ክፍል አለን። አንባቢ ግን የለንም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ እኔም ያበስሁትን መጽሐፍ መልሼ ሳብስ እውላለሁ። ታዲያ አንድ ቀን አለቃችን መጡና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካልገባ ክፍሉን የወንበር ማከማቻ እናደርገዋለን አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ክፍል እወደዋለሁ።

መላ ፈለግሁ። በስልክ ካሜራ ሲያነሱት የቤተ መጻሕፍቱን ገጽ የሚከፍተውን፣ ያን ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት አራት ማዕዘን፣ ኪውአር ኮድ የሚሉትን አሳተምሁ። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ካፌ ለካፌ እየዞርሁ ለጠፍሁ። ተማሪው የምግብ ዝርዝር መስሎት ያነሳዋል፤ መጽሐፍ ሲመጣበት ስልኩን ኪሱ ይከተዋል። አንዷማ ገጹ ላይ ባለው ቁጥር ደውላ ተጋቢኖ አላችሁ ወይ አለችኝ። ስለ አሠራሩ የሚያወራ መጽሐፍ አለን አልኋት። ዘጋችብኝ።

የቀረችኝን አንዲት ኮድ ለይበልጣል ሰጠሁት። ይበልጣል ጠዋት ጠዋት ከዓባይ ማዶ ሥራ የሚያደርሰኝ ባለ ባጃጅ ነው። እሺ እታለም አለና ከኋላ ለጠፈልኝ። በማግስቱ ባየው፣ ኮዱ ላይ በወፍራም ማርከር ከዳር እስከ ዳር «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ጽፎበታል። ምን ማድረግህ ነው ስለው፣ ባጃጅ ያለ ጥቅስ ይሄዳል እንዴ፣ ቦታውን ደግሞ አንቺው ያዝሽብኝ አለኝ። በስልኬ ሞከርሁት፤ አልከፍት አለ። በቃ፣ ክፍሉ የወንበር ሆነ ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰው መግባት ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ተማሪዎች፣ ቀጥሎ አንዲት እናት ከነልጆቿ፣ ከዚያ መነጽራቸውን የያዙ አንድ መሪጌታ። እሳቸውማ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር የግላቸው አደረጉት። ማን ነገራችሁ ስል፣ ሁሉም ባለ ባጃጁ ይሉኛል። ለካ ሰው ስልኩን ደግኖ ኮዱ እምቢ ሲለው፣ ይሄ ምንድን ነው ብሎ ይበልጣልን ይጠይቀዋል። ይበልጣልም በጥፋቱ እያፈረ፣ መጽሐፍ በነጻ ነው፣ ጣናን እያዩ ማንበብ ነው፣ ይግቡ ላድርስዎ ይላል። እኔ እንኳ እንደሱ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም።

በወሩ መጨረሻ አለቃችን መጡ። የወንበር ማከማቻ ባሉት ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር አጡ። የባጃጁን ኮድ ወሬ ሰምተው ኖሯል፤ ቆመው ዙሪያውን አዩና፣ ቴክኖሎጂ ማለት ይህ ነው፣ ሃያ ኮድ ጨምረሽ ለባጃጆች አድዪ አሉኝ።

እሺ ጌታዬ አልሁ። ሃያውንም አሳትሜ አደልሁ። ከእያንዳንዱ ጋር አንዳንድ ወፍራም ማርከር ጨምሬ።